ያልጠየቅነውን የሚመልስ ወረቀት፦ የጊታር መጽሔት ፋይዳው አብቅቷል ለሚሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጊታር ተጫዋቾች ዘንድ በሰፊው ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ተማሪዎቼም ደርሷቸዋል። አንዳንዶቹም ለዓመታት ያስቀመጧቸውን የቆዩ የጊታር መጽሔቶችና ፎቶ ኮፒዎች ምን እናድርጋቸው ብለው ጠይቀውኛል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ለጀማሪዎች አስበው እንደጻፉት አልጠራጠርም። የደረሱበትን መደምደሚያ ግን አልቀበለውም። ጊታር ሳስተምር የማየው ነገር ከዚያ የተለየ ስለሆነ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ለመመለስ ተነሥቻለሁ።

በቅድሚያ የጸሐፊውን መከራከሪያ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ታላላቆቹ የጊታር መጽሔቶች በወረቀት መታተም ማቆማቸው ፋይዳቸው ለማብቃቱ በቂ ማስረጃ ነው ይላሉ። በመጽሔት ይገኝ የነበረው ትምህርት ሁሉ ዛሬ በዩቲዩብ በነፃ፣ ያውም በድምፅና በምስል ይገኛል ይላሉ። ቀጥለውም መጽሔቶቹ የመሣሪያ አምራቾች ማስታወቂያ ማሠራጫ እንደነበሩ፣ ስለ ቅኝቶቻችን አንድም ነገር ጽፈው ስለማያውቁ ለኢትዮጵያዊ ተጫዋች ቀድሞም ቢሆን እንዳልጠቀሙ ያስረዳሉ። በመጨረሻም ከወረቀት መማር ጆሮን እንደሚያደነዝዝ፣ የቀደሙት ባለሙያዎቻችንም ከሬዲዮና ከካሴት በጆሯቸው እየገለበጡ እንጂ ታብ (የጊታር ጣት አቀማመጥን በቁጥር የሚያሳይ አጻጻፍ) እያነበቡ እንዳላደጉ ጠቅሰው፣ በየቤቱ የተከማቸውን የቆየ እትም ለሱቅ መጠቅለያ ብንሰጠው የሚጎድልብን የለም ብለው ይደመድማሉ።

ስለ ኅትመቱ መቋረጥ ያቀረቡት መረጃ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ የተመሠረተው «ጊታር ፕሌየር» በ2024 የወረቀት እትሙን አቁሟል። በብሪታንያ ከ1994 ጀምሮ ይታተም የነበረው «ቶታል ጊታር»ም በዚያው ዓመት ተዘግቷል። የኋለኞቹ ዓመታት እትሞች ከቀደሙት ይልቅ የሳሱ እንደነበሩም እስማማለሁ። የመቋረጡ ምክንያት ግን ጸሐፊው እንዳሉት የተማሪው ፍላጎት መጥፋት ቢሆን ኖሮ ጊታር የሚገዛና የሚማር ሰው አብሮ መቀነስ ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን በየቤቱ ባዋለበት በ2020 «ፌንደር» የተባለው ትልቁ አምራች በታሪኩ ከፍተኛ የሽያጭ ዓመት ላይ እንዳለ አስታውቆ ነበር። ተማሪው በበዛበት ዘመን መጽሔቱ የከሰመው፣ ዋነኛ የገቢ ምንጩ የነበረው ማስታወቂያ ወደ ኢንተርኔት ስለተሻገረበት ነው። ማስታወቂያ የሸሸው መጽሔት ይዘጋል፤ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት በውስጡ የታተመው ትምህርት ግን በዚህ ምክንያት ስሕተት አይሆንም።

ደግሞም እኛ በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልነበርንም። ደሴ ውስጥ የጊታር መጽሔት በየወሩ በደንበኝነት የሚደርሰው ሰው አላውቅም። እዚህ የደረሰን ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ ወይም አዲስ አበባ ካሉ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ተገዝቶ፣ ዓመታት ካለፉት በኋላ ነው። ከዚያም አንዱ ቅጂ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ካሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ ብዙ ቅጂ ተባዝቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ስለዚህ የአንድ አሳታሚ የሽያጭ መዝገብ ወረቀቱ እንደ ሆጤና ሸዋ በር ላሉ የደሴ ሰፈሮች ልጅ ምን እንደሠራለት ሊነግረን አይችልም።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም ይበልጥ አሳማኝ ነው፤ በዚህም ላይ ብዙ መቆየት አለብኝ። በድምፅና በምስል የሚታይ ትምህርት ወረቀት የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። ክር ገፍቶ ድምፁን ከፍ ማድረግን፣ የቀኝ እጅ ምት ክብደትን፣ ጣት በክር ላይ የሚርገበገብበትን መጠን ማንም ከወረቀት ላይ በትክክል አይማርም። መጽሔቶቹ ራሳቸው ይህን ያውቁ ነበር፤ «ጊታር ፕሌየር» ከ1984 ጀምሮ በየእትሙ መካከል ስስ የፕላስቲክ ሸክላ ያስገባ የነበረው፣ «ቶታል ጊታር»ም ከሲዲ ጋር ይወጣ የነበረው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሲዲው ጠፍቶ፣ ለሸክላውም ማጫወቻ ጠፍቶ ወረቀቱ ብቻ ይቀር እንደነበር አልክድም።

ይሁን እንጂ «ያው ትምህርት በነፃ ይገኛል» የሚለው አባባል ሲመረመር ያው ትምህርት ሆኖ አይገኝም። ታብን እንውሰድ። ታብ ስድስቱን የጊታር ክሮች በስድስት መስመሮች አስቀምጦ የትኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት ዘንጎች የተከፈለ የጣት ቦታ) እንደሚጫን በቁጥር የሚያሳይ አጻጻፍ ነው። በመጽሔት ላይ ሲታተም ከላይ መደበኛው የኖታ መስመር፣ ከሥሩ ደግሞ ታቡ ይቀመጣል፤ ተማሪው ከታቡ ቦታውን፣ ከኖታው ደግሞ የድምፁን ርዝመት ያነብባል። አስፍሮ የጻፈው ሥራው ይኸው የሆነ፣ ክፍያ የሚቀበልና አራሚ ያለበት ባለሙያ ነበር። በኢንተርኔት በብዛት በነፃ የሚገኘው ታብ በጽሕፈት ሰረዞች መካከል ቁጥር ብቻ የተደረደረበት፣ ርዝመት የሌለው፣ ማን እንዳስፈረውና ማን እንዳረመው የማይታወቅ ነው። ተማሪዎቼ ከዚያ የቀዱትን ይዘው ሲመጡ ድምፆቹ ቢቀርቡም ምቱ የላቸውም። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ መልሱ ከእጃቸው ሳይሆን ከያዙት ወረቀት ላይ ይገኛል።

ቅደም ተከተሉም ሌላ ነው። የመጽሔት የትምህርት ዓምድ ባለፈው ወር ያስተማረውን ይዞ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ለአንድ ወር ያህልም ሌላ የሚያሳየን ነገር ስለሌለው እዚያው ገጽ ላይ ያቆየናል። በቪዲዮ ብቻ የሚማር ልጅ ብዙውን ጊዜ የብዙ ዘፈኖችን መግቢያ ያውቃል፤ እስከ መጨረሻው የሚጫወተው ዘፈን ግን የለውም። አንዱን ሳይጨርስ ሌላ ይቀርብለታልና። ጥፋቱን በልጁ ላይ አላሳብብም፤ መድረኩ የተሠራው ተመልካች እንዲቆይ እንጂ ተማሪ እንዲጨርስ አይደለም።

ዋናው መከራከሪያዬ ግን ከዚህም ያልፋል። ዩቲዩብ ለጠየቀ ሰው ይመልሳል፤ ጀማሪ ደግሞ ምን መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም። ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያመጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥቶ ጊታሩን ይዞልኝ መጣ። ችግሩ ቅኝት አልይዝ ማለቱ ነበር። ለዚህም ስልኩ ላይ መቃኛ ጭኗል፤ ስለ አቃኛኘት የተሠሩ ቪዲዮዎችንም ደጋግሞ አይቷል፤ የተነገረውንም አንድ በአንድ ፈጽሟል። ጊታሩን አጋድሜ ሳየው ክሮቹ የሚታሰሩበት ብሪጅ ከኋላ በኩል ከሳጥኑ ፊት ተነሥቶ፣ ሁለት ጊዜ የታጠፈ የብር ኖት በሥሩ ይገባ ነበር። ጊታሩ ለናይለን ክር የተሠራ ክላሲካል ነው፤ ልጁ ግን ገበያ ላይ «የጊታር ክር» ተብሎ የተሸጠለትን የብረት ክር አስሮበታል። ስድስት የናይለን ክሮች ሲቃኙ በጠቅላላው 40 ኪሎ ግራም ገደማ ይስባሉ፤ የብረት ክሮች ግን ወደ 70 ኪሎ ግራም ይደርሳሉ። ለዚያ ጉልበት ያልተሠራ ሳጥን ብሪጁ መላቀቁና ፊቱ ማበጡ አይቀርም።

ስለዚህ ጉዳይ የተሠሩ ቪዲዮዎች የሉም ማለቴ አይደለም፤ ሞልተዋል። ነገር ግን ልጁ «ጊታሬ ለምን አይቃኝም» ብሎ ጠየቀ እንጂ «ያሰርኩት ክር ለዚህ ጊታር ይሆናል ወይ» ብሎ አልጠየቀም፤ ሊጠይቅም አይችልም ነበር፤ ሁለት ዓይነት ክር መኖሩን አያውቅምና። በመጽሔት ላይ የዘፈን ታብ የሚፈልግ ሰው ገጹን ሲገልጥ የጥገና ዓምዱ ላይ ይወድቃል፤ ስለ ክር ዓይነት፣ ስለ አንገት መታጠፍ፣ በ12ኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ የሚወጣውና እዚያው ሳይጫኑ ክሩን በስሱ በመንካት የሚወጣው ድምፅ እኩል መሆን እንዳለበት ሳይጠይቅ ያነብባል። እንጨት 45 ከመቶ እስከ 55 ከመቶ በሆነ የአየር እርጥበት ውስጥ ሲቀመጥ እንደሚስማማው የሚነግረውም ይኸው ዓምድ ነው። ይህ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴና ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ሞቃት በሆነችው ኮምቦልቻ መካከል ጊታሩን እያመላለሰ ለሚጫወት ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። በክረምቱ ጭጋግ ያበጠ እንጨት በበጋው ደረቅ አየር ይኮማተራል፤ የክሩ ከፍታም አብሮ ይለወጣል።

ስለ ኔትወርክ ደግሞ ጸሐፊው አንድም ቃል አላነሡም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ከዚያ በፊትም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ መብራቱም ስልኩም አልነበረም። በነዚያ ወራት ትምህርታቸውን ያላቋረጡት ተማሪዎቼ ወረቀት በእጃቸው የነበራቸው ናቸው። ዛሬም ቢሆን ለቪዲዮ የሚበቃ ዳታ በየቀኑ መግዛት ለአንድ ተማሪ ቀላል ወጪ አይደለም። «በነፃ» የሚለው ቃል ዋይፋይ ያለበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለሚጽፍ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሁሉም ግን እውነት አይደለም።

ማስታወቂያን በተመለከተ ጸሐፊው ካሉት አብዛኛውን እቀበላለሁ። በመጽሔቶቹ የመሣሪያ ግምገማ ውስጥ «ይህን አትግዙ» የሚል ፍርድ ማግኘት ብርቅ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የተገመገመው ዕቃ አምራች በቀጣዩ ገጽ ላይ ማስታወቂያ አለው። ግን አማራጭ ብለው ያቀረቡልን መድረክ ከዚህ የጸዳ አይደለም። በቪዲዮ ዕቃ የሚገመግሙት ብዙዎቹ ዕቃውን በነፃ የተቀበሉ፣ ወይም ተመልካቹ በሰጡት ማስፈንጠሪያ ሲገዛ ኮሚሽን የሚያገኙ ናቸው። በወረቀት ላይ ማስታወቂያው የራሱ ገጽ ስላለው ገልጠን እናልፈዋለን፤ በቪዲዮው ውስጥ ግን ከትምህርቱ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቀርብ መለየቱ ለጀማሪ ከባድ ነው። በዚያ ላይ የተባሉት መሣሪያዎች ደሴ ሱቅ ውስጥ ስለማይገኙ ግምገማው እዚህ ማንንም አሳስቶ ያስገዛው ነገር የለም። የተጠቀምንበት የትምህርቱንና የጥገናውን ክፍል ነው።

አራተኛው ነጥብ፣ ማለትም መጽሔቶቹ ለኢትዮጵያዊ ተጫዋች ቀድሞም አልጠቀሙም የሚለው፣ ወሎ ውስጥ ለሚኖር ሰው ልብ የሚነካ ነው። አምባሰልን ከማሪቱ ለገሠ ድምፅ እንጂ ከየትኛውም የውጭ መጽሔት አልተማርንም። አንቺሆዬ ለእነዚያ አዘጋጆች መኖሩም የሚታወቅ አልነበረም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «አልጠቀሙም» ማለት እጅ ላይ ያለውን እውነት መዝለል ነው።

ማንኛውም የጊታር መጽሔት ለጀማሪ ከሚያቀርባቸው የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ ከላ የሚነሣው ማይነር ፔንታቶኒክ የተባለው ባለ አምስት ድምፅ ስልት ነው። እጅ አምስተኛው ፍሬት ላይ ያርፋል፤ በስድስተኛው ክር 5 እና 8፣ በአምስተኛው፣ በአራተኛውና በሦስተኛው ክሮች 5 እና 7፣ በሁለተኛውና በአንደኛው እንደገና 5 እና 8 ይጫናሉ። የሚወጡት ድምፆች ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እና ሶል ናቸው። መነሻችንንና ማረፊያችንን ላ ካደረግን የተጫወትነው በባቲ ማይነር ድምፆች ነው። እጃችንን ከቦታው ሳናነሣ፣ ከዚያው ከስድስተኛው ክር ላይ ከ8ኛው ፍሬት፣ ማለትም ከዶ ተነሥተን ዶ ላይ ብናርፍ ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እናገኛለን፤ ይህም ትዝታ ሜጀር ነው። የብሉዝ ማስተማሪያ ተብሎ የታተመ አንድ ገጽ ሁለት ቅኝቶቻችንን ይዟል ማለት ነው። ተማሪዎቼ በሚይዙት ፎቶ ኮፒ ላይ በእንግሊዝኛ ከታተመው ርዕስ ጎን በእርሳስ «ባቲ፦ ከ5፤ ትዝታ፦ ከ8» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ቅጂው ከቅጂ እየተቀዳ የእርሳሱ ጽሑፍም አብሮ ታትሟል። የድምፆቹ መመሳሰል ብቻውን ትዝታን ትዝታ እንደማያደርገው አውቃለሁ፤ ጉሮሮው፣ መዘግየቱና የማሲንቆው አሳሳብ ከወረቀት አይገኙም። የጣቱ መንገድ ግን ተገኝቷል።

አምባሰልስ? መጽሔቱ አልሰጠንም፤ የሚጻፍበትን ዘዴ ግን ሰጥቶናል። ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት ናቸው። በታብ ሲሰፍር በስድስተኛው ክር 8 እና 9፣ በአምስተኛው ክር 8፣ 10 እና 11፣ በአራተኛው ክር 10 ላይ ወደ ላይኛው ዶ መድረስ ነው። ይህን በአንድ መስመር ጽፌ የሰጠሁት ተማሪ ቤቱ ወስዶ፣ ዘፈኑን ከፍቶ፣ እያዳመጠ ይፈልገዋል። ጸሐፊው ስለ ቅኝቶቻችን የተጻፈ አለመኖሩን እንደ ክስ አቅርበውታል፤ እኔ ግን ክሱ መድረስ ያለበት ለእኛው፣ ማንበብም መጻፍም ለምንችለው ተጫዋቾች ነው እላለሁ። የውጭዎቹ የራሳቸውን ሙዚቃ ጻፉ። አምባሰልንና አንቺሆዬን በጊታር ጣት አስፍሮ ለወሎ ልጅ ማቅረብ የእነርሱ ግዴታ አልነበረም።

ስለ ጆሮ የተባለው ግማሹ እውነት ነው። በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ውስጥ ያደጉ ብዙ ተጫዋቾች ካሴት እያጠነጠኑ፣ እየመለሱ፣ በጆሮ ገልብጠው ለታላቅ ደረጃ በቅተዋል፤ ታብ ካልያዘ አንዲት ዜማ የማይጫወት ተማሪም አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል። ጸሐፊው ግን ታብን ጆሮ ለሌላቸው ሰዎች የተፈጠረ አቋራጭ አድርገው አቅርበውታል። ታሪኩ እንደዚያ አይደለም። ኦታቪያኖ ፔትሩቺ የተባለው የቬኒስ አታሚ በ1507 ሉት ለተባለው የቆየ ባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቾች ሙዚቃ ያሳተመው በታብ ነው። ዘመናዊው ጊታር ሳይወለድ የነበረ አጻጻፍ ነው።

ጆሮን የሚያሰንፈው የትኛው እንደሆነም እንመልከት። በታብ የሚማር ሰው ዜማው ምን እንደሚመስል ለማወቅ ዘፈኑን ፈልጎ ማዳመጥ ግድ ይለዋል፤ ወረቀቱ ራሱ አይዘፍንለትምና። ቁጥሩ ከሰማው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ ቆም ብሎ የቱ እንደተሳሳተ ይመረምራል፤ እርሳስ አንሥቶ የሚያርመውም ጆሮውን አምኖ ነው። በቪዲዮ የሚማረው ግን የመምህሩ ጣት ያረፈበትን ፍሬት ዓይቶ እዚያው ጣቱን ያስቀምጣል፤ ለመስማት የሚያስገድደው ነገር የለም። ከተማሪዎቼ መካከል ጣት ሳያይ አንድ ድምፅ ለማግኘት የሚቸገሩት በአብዛኛው በቪዲዮ ብቻ የጀመሩት ናቸው። ስለዚህ ጸሐፊው ለጆሮ ከተቆረቆሩ፣ ሁለተኛው ነጥባቸውና አምስተኛው ነጥባቸው እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ወረቀት ጆሮን ይገድላል ብለው የሚመክሩን ጆሮን ይበልጥ ወደሚያሳርፈው መንገድ ነው።

የቆየውን እትም ለሱቅ መጠቅለያ ስጡ የሚለውን ምክራቸውን በከፊል ብቻ እቀበላለሁ። የአሥራ አምስት ዓመት የመሣሪያ ዋጋና የማስታወቂያ ገጽ ማስቀመጥ ቦታ ማጣበብ ነው፤ እርሱን የሚሰጥ ይስጥ። የትምህርት ዓምዱን፣ ኖታና ታብ አብረው የታተሙበትን ገጽና የጥገናውን ክፍል ግን ከመሸጡ በፊት ይገንጥሉት፤ ገጹ ሳይደበዝዝ ፎቶ ኮፒ ያስደርጉት ወይም በስልክ አንሥተው ለሚጀምር ልጅ ይላኩለት። ከጸሐፊውም አንድ መልስ እጠብቃለሁ። ያ የኮምቦልቻ ልጅ ክሩን ከማሰሩ በፊት፣ ሳይጠይቅ፣ ሁለት ዓይነት ክር መኖሩን የሚነግረው የትኛው መድረክ እንደሆነ ቢያሳዩን ተማሪዎቼን ራሴ ወደዚያ እመራቸዋለሁ።